ጥሪው ከማን ይምጣ? ስለ ክትባት ቀጠሮ በከተማው ዳር የተደረገ ንግግር

(በየካ አባዶ ለጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች፣ ለጤና ጣቢያ ሠራተኞችና ለእድር ተወካዮች የተደረገ ንግግር ነው። ለንባብ እንዲመች ትንሽ ተስተካክሏል።)

እንደምን ዋላችሁ። በተለይ ከለገጣፎ በኩል ለመጣችሁ ምስጋናዬ የበዛ ነው። በዚህ ዝናብ ያንን መንገድ አቋርጦ መምጣት ቀላል አይደለም።

ዛሬ ስለ መርፌው አላወራም። የማወራው ስለ ጥሪው ነው። አንዲት እናት ልጇን ይዛ መቼና የት እንደምትሄድ ማን ይንገራት? ስትሰሙት ትንሽ ጥያቄ ነው። ብዙ ልጅ የሚያመልጠን ግን እዚሁ ላይ ነው። ክትባቱ አለ፣ ባለሙያው አለ፣ ልጁም አለ። ሦስቱ አንድ ቀን ላይ መገናኘት አቅቷቸው ነው።

አቋሜን ከአሁኑ ልናገር፤ ለመከራከር ይመቻችኋል። ማን እንዳልተከተበ ማወቅ የላይኛው አካል ሥራ ነው። መቼና የት እንደሚመጣ መቅጠር ደግሞ የክትባቱን ፍሪጅ የያዘው ጤና ጣቢያ ሥራ ነው። ልጁ ሲከተብ ወሬው ሳይውል ሳያድር ወደ ላይ መመለስ አለበት። አሁን እያደረግን ያለነው ግን ሁለታችንም እየጠራን፣ አንዳችን የሌላውን ሳንሰማ ነው። የሙሽራውና የሙሽሪት ቤተሰብ ሳይነጋገሩ ለአንድ ድግስ ጥሪ ቢበትኑ ማለት ነው። ስንት እንጀራ እንደሚጋገር የሚያውቅ አይኖርም።

የተስፋፋው የክትባት ፕሮግራም አገራችን ውስጥ የተጀመረው በ1972 ነው። መርሐ ግብሩን የሚያወጣው ጤና ሚኒስቴር ነው። ሕፃኑ እንደተወለደ የሳንባ ነቀርሳ ክትባት (ቢሲጂ) እና የፖሊዮ ጠብታ ያገኛል። ከዚያ በ6፣ በ10 እና በ14 ሳምንት ይመለሳል። በ9 ወር የኩፍኝ ክትባት አለ። ከ2011 ጀምሮ ደግሞ በ15 ወር ሁለተኛው ኩፍኝ ተጨምሯል። እዚህ ድረስ አገሩ ሁሉ አንድ ነው። ሞያሌም ሆነ መቐለ ያው ነው።

እናቶች ግን ሳምንት አይቆጥሩም። «የ45 ቀኑ» ነው የሚሉት። 6 ሳምንት 42 ቀን መሆኑን እናንተም እነሱም ታውቃላችሁ፤ ሦስት ቀን ልጁን አይጎዳውም። ማሽን ቢቆጥረው ግን በ43ኛው ቀን «ዘገየች» ብሎ ይመዘግባታል። ምንም ያላጠፋችን እናት በመልእክት ማስጨነቅ ማለት ነው። ያቺ እናት ሁለተኛ መልእክት ሲመጣላት አታነበውም።

አሁን ወደ ክትባት ክፍሉ እንግባ። ጠረጴዛው ላይ ያለችውን ሳጥን ሁላችሁም ታውቋታላችሁ። ቲክለር እንላታለን። በወር በወር ተከፋፍላለች። እናትየዋ አንዱን ካርድ ይዛ ትሄዳለች፣ ቅጂው ተመልሳ በምትመጣበት ወር ኪስ ውስጥ ይገባል። ወሩ ሲያልቅ ኪሱ ውስጥ የቀሩት ካርዶች ያልመጡት ልጆች ናቸው። ኮምፒውተር የለ፣ ኢንተርኔት የለ፣ መብራት ቢጠፋም ይሠራል። (ጳጉሜ የትኛው ኪስ እንደምትገባ ግን እስካሁን የተስማማ ሰው አላየሁም።) እኔ ይህችን ሳጥን በጣም ነው የምወዳት። አንድ ችግር ብቻ አለባት፤ ከክፍሉ አትወጣም። ልጁ እዚህ ቀርቶ ለገጣፎ ተከትቦ ከሆነ ካርዱ እዚህ ኪስ ውስጥ «አቋረጠ» እየተባለ ይኖራል። ኤክስቴንሽኗም ኮንዶሚኒየሙን አምስተኛ ፎቅ ድረስ ወጥታ የተከተበ ልጅ ስታፈላልግ ትውላለች።

ሌላው ጉዳይ ብልቃጡ ነው። የኩፍኝ ክትባት አንዱ ብልቃጥ 10 ልጅ ይከትባል። ዱቄቱ ከተበጠበጠ በኋላ ግን ከ6 ሰዓት በላይ አይቆይም። ቢሲጂም እንደዚያው ነው። ስለዚህ ሲስተር ጠዋት ሁለት እናት ብቻ ስትመጣላት ታመነታለች። የዓለም ጤና ድርጅት ምክር ለአንድ ልጅም ቢሆን ክፈቱ የሚል ነው። እሷ ግን ስምንቱ ዶዝ ሲደፋ ይታያታል፣ የወሩ ክምችትም ይታያታል። «ሐሙስ ነይ» ትላለች። ሐሙስ ሌሎቹም ይመጣሉ፣ ብልቃጡም በደንብ ጥቅም ላይ ይውላል። ይህን አሠራር አላደንቅም፤ ከሥራዋ ቀርታ የመጣች እናት ሐሙስ ላትመለስ ትችላለች። የምለው ይህን ነው፦ በየትኛው ቀን ብልቃጥ እንደሚከፈት የምታውቀው ሲስተር ናት። ከላይ ሆኖ «ማክሰኞ ሂጂ» የሚል መልእክት የሚልክ ሰው ይህን ሊያውቅ አይችልም። እናትየዋ ማክሰኞ ትመጣለች፣ «ሐሙስ ነይ» ትባላለች። ከሁለቱ የትኛውን ትመን?

«ሲስተም ስለሌለን ነው» የሚል ሰው አይጠፋም። እንግዲያው ሲስተም ያላቸውን እንይ።

እንግሊዝ የኮቪድ ክትባት የጀመረችው እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 8 ቀን 2020 ነው። የመጀመሪያዋ የ90 ዓመቷ ማርጋሬት ኪናን ነበሩ፤ ኮቨንትሪ ከተማ ውስጥ። አገሪቱ ሁለት መንገድ አዘጋጀች። በአንድ በኩል የሰፈር ሐኪሞች ተሰባስበው የራሳቸውን ታካሚዎች ይጠራሉ። ሽማግሌዎቹን በስም ያውቋቸዋል። በሌላ በኩል በጃንዋሪ 2021 ትልልቅ የክትባት ማዕከላት ተከፈቱ። ለእነዚህ ጥሪው ከማእከል በደብዳቤ ይላካል፣ ቀጠሮውም በአንድ አገር አቀፍ ሲስተም ይያዛል። ደብዳቤው መጀመሪያ የደረሰው ከማዕከሉ በመኪና እስከ 45 ደቂቃ ርቀት ላይ ለሚኖሩ አረጋውያን ነው።

ደብዳቤው ምን ይላል መሰላችሁ? እዚህ ትልቁ ማዕከል ቀጠሮ ያዙ፣ ወይም ደግሞ የሰፈር ሐኪማችሁ እስኪጠራችሁ ጠብቁ። ምርጫ መስጠቱ ጥሩ ነው። ግን የሰማንያ ዓመት አዛውንት የትኛውን ያድርጉ? ደብዳቤ ታትሞ፣ በፖስታ ተልኮ እስኪደርስ ቀናት ያልፋሉ። በእነዚያ ቀናት ሐኪሙ ጠርቶ ከትቧቸው ሊሆን ይችላል። እንዲህ የሆነባቸው ሰዎች ደብዳቤውን ተዉት ተባሉ። ሁለቱም ጋ ቀጠሮ የያዘ ሰው ደግሞ አንዱን መሰረዝ ነበረበት። ካልሰረዘ ያ ቦታ ባዶ ይውላል። የፋይዘር ክትባት ከተበጠበጠ በኋላ የሚቆየው ስንት ሰዓት እንደነበር ታስታውሳላችሁ? 6 ሰዓት። ልክ እንደኛ ኩፍኝ። ሲመሽ የተረፈ ዶዝ ይዘው በስልክ ሰው የሚያሳድዱ የጤና ሠራተኞች እዚያም ነበሩ።

ከዚህ ሁሉ እኔን የሚገርመኝ ግን የዲሴምበር 30ው ውሳኔ ነው። የፋይዘር ሁለተኛ ዶዝ በ3 ሳምንት ነበር የሚሰጠው። በዚያን ቀን ከላይ «እስከ 12 ሳምንት ይራዘም» ተባለ። ምክንያቱ አሳማኝ ነው፤ ያለው ክትባት ለብዙ ሰው የመጀመሪያ ዶዝ ይዳረስ ነው ነገሩ። ግን የሰፈር ሐኪሞቹ ለሁለተኛ ዶዝ አዛውንቶቹን ቀጥረው ጨርሰዋል። ጊዜው ደግሞ የበዓል ሰሞን ነው። ውሳኔውን ያወጣው አንድ ቢሮ ነው። ስልኩን አንስቶ «እማማ፣ ቀጠሮዎ ተለውጧል» የሚለው ግን የየሰፈሩ የቢሮ ሠራተኛ ነው። በሀብትም በቴክኖሎጂም እንበልጣቸዋለን የሚል እዚህ ውስጥ ያለ አይመስለኝም። ሲስተም ነበራቸው። የጎደላቸው ማን እንደሚጠራ መነጋገር ነበር።

እኛም በዚያው ዓመት ቀምሰነዋል። የካቲት 28 ቀን 2013 የኮቪድ ክትባት ለአገሮች ያከፋፍል በነበረው ዓለም አቀፍ ጥምረት፣ በኮቫክስ በኩል 2.2 ሚሊዮን ገደማ ዶዝ አስትራዜኒካ ገባ። መጋቢት 4 ቀን እዚሁ ከእኛ ብዙም በማይርቀው ኤካ ኮተቤ ሆስፒታል ክትባቱ ተጀመረ። ሰዉ ካርድ ተሰጠው፣ ካርዱ ላይ የሁለተኛው ዶዝ ቀን በእስክሪብቶ ተጻፈለት። ብዙውን የኮቫክስ አስትራዜኒካ ያመርት የነበረው የሕንዱ ሴረም ኢንስቲትዩት ግን ወደ ውጭ መላኩን ገታ፤ አገሩ ወረርሽኙ በርትቶበት ነበር። ካርዱ ላይ ያለው ቀን ቀን ብቻ ሆነ። ያኔ የከተበ ሰው ሁሉ ያስታውሰዋል፤ ሰዉ የሚቆጣው የጻፈለትን እጅ ነው። ከላይ ያለውን ማን አይቶት?

አሁን ወደ ራሳችን ድንበር ልምጣ። እዚህ የቆምንበት ለሚ ኩራ ክፍለ ከተማ ነው። ከዚህ ቀደም ከፊሉ የካ ነበር፣ ከፊሉ ቦሌ። ማኅተሙ ላይ «የካ» የሚል ካርድ ይዛ የምትመጣ እናት ዛሬም አለች። ትንሽ ሄድ ስትሉ ደግሞ ሸገር ከተማ ነው፤ በ2015 ቡራዩ፣ ሰበታ፣ ሱሉልታ፣ ለገጣፎ ለገዳዲ፣ ገላንና ፉሪ ተጠቃለው የተመሠረተው። በአንዱ ወገን የአዲስ አበባ ጤና ቢሮ፣ በሌላው የኦሮሚያ ጤና ቢሮ። ሁለት ሪፖርት፣ ሁለት ዕቅድ፣ ሁለት የልጅ ቁጥር። ባጃጁ ግን ድንበሩን አያውቀውም። እናት የቀረባት ጋ ትሄዳለች፣ ሰልፍ ያነሰበት ጋ ትሄዳለች፣ የምታውቃት ሲስተር ያለችበት ጋ ትሄዳለች። ትክክል ናት።

ኪራይ ሲጨምር ደግሞ ቤት ይቀየራል። በዚህ አካባቢ ተከራይ በአንድ ቤት ስንት ዓመት እንደሚቆይ ታውቃላችሁ። ልጁ አምስት በሽታ የሚከላከለውን ክትባት፣ ፔንታ አንድን ሲወስድ አያት ሰፈር፣ ፔንታ ሁለትን ሲወስድ አባዶ፣ ሦስተኛው ላይ ለገጣፎ ነው። ልጁ በሥርዓት ተከትቧል። በመዝገብ ግን ሁለት ቦታ አቋርጧል።

አራስ ቤትን ደግሞ አንርሳ። አንዲት ልጅ የመጀመሪያዋን ስትወልድ የት ትታረሳለች? እናቷ ቤት። ገንፎዋንም አጥሚቷንም እዚያው ትጠጣለች። ክርስትና ከሆነ ወንድ በ40 ቀኑ፣ ሴት በ80 ቀኗ ነው፤ ከዚያ በፊት ወደ ቤቷ የማትመለስ ብዙ ናት። የ45 ቀኑ ክትባት እንግዲህ የሚውለው ከዚያው ላይ ነው። እኛ እዚህ አባዶ መዝገባችንን ገልጠን እንጠራታለን፤ እሷ ደብረ ብርሃን እናቷ ጋ ናት። እዚያ ያለው ጤና ጣቢያ ደግሞ መኖሯን አያውቅም። ይህን ማንም አገር አቀፍ ሲስተም ከቁጥር አይቶ አያገኘውም። እርግዝና ክትትል ላይ «የት ነው የምትታረሺው?» ብላ የምትጠይቅ አንዲት አዋላጅ ግን በአንድ ጥያቄ ትፈታዋለች። ካርዱ ጀርባ ላይ ትጻፈው። ከዚህ ስብሰባ አንድ ነገር ብቻ ይዛችሁ ትሄዱ ከሆነ ይህን ያዙልኝ።

ስለ ስልክ መልእክት በአጭሩ። አልቃወመውም። ግን ሦስት ነገር ልብ በሉ። ካርዱ ላይ ያለው ቁጥር አብዛኛውን ጊዜ የአባትየው ነው፤ እሱ ደግሞ ሳይት ላይ ነው። መልእክቱ ሲገባ የቴሌ የጥቅል ማስታወቂያ መስሎት ያልፈዋል። ወይ ደግሞ «ሽልማት ደርሶዎታል» ከሚሉት አጭበርባሪዎች አንዱ ይመስለዋል። ሁለተኛ፣ ቋንቋው። ድንበሩ ላይ ስለሆንን በአማርኛም በአፋን ኦሮሞም መሆን አለበት። ሦስተኛ፣ ሰዓቱ። «ነገ 9:00» የሚል መልእክት ለእኛ ሰው ከሰዓት በኋላ ነው። ላኪው ጠዋት 3 ሰዓት ማለቱ ነበር። ያቺ እናት ልጇን አዝላ በ9 ሰዓት ስትደርስ ፍሪጁ ተቆልፏል። ስለዚህ «ጠዋት 3 ሰዓት» ተብሎ ይጻፍ። የፈረንጅ ቀንም አይጻፍ። ይህን ለማስተካከል በጀት አያስፈልግም።

ዘመቻ ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው። ከላይ ሲታወጅ መኪና በሞንታርቦ ሰፈሩን ይዞራል፣ ቡድኖች ቤት ለቤት ይሄዳሉ፣ የልጁ ጣት ላይ ቀለም ይደረጋል። ድንቅ ሥራ ነው፤ ማንም ያልደረሰባቸው ልጆች የሚገኙት በዚህ ነው። ግን በማግሥቱ እናትየዋን ስንጠራት «ተከትቦልኛል እኮ፣ ቤት ድረስ መጥተው» ትለናለች። እውነቷን ነው። የዘመቻው ክትባት ተጨማሪ እንደሆነ፣ መደበኛው ቀጠሮ እንዳለ እንደሚቀጥል የነገራት የለም። ዘመቻው ከእኛ ቀጠሮ ጋር እየተጋጨ ነው ማለት ነው። የዘመቻ ቡድኑ በር ሲያንኳኳ ካርዱን ተቀብሎ ቢያየውና «የሚቀጥለው ይህ ቀን ነው» ቢላት ግን አንድ ደቂቃ ነው የሚፈጀው።

የማሕፀን በር ካንሰር ክትባት ላይ ደግሞ ሌላ ክፍተት አለ። በ2011 ሲጀመር ለ14 ዓመት ልጃገረዶች ነበር፤ ሁለት ዶዝ። በኅዳር 2017 ወደ አንድ ዶዝ ተቀይሮ ከ9 እስከ 14 ዓመት ላሉ ከ7 ሚሊዮን በላይ ልጃገረዶች ታቅዶ ተሰጠ። ጥሪው በዋናነት በትምህርት ቤት በኩል ነው። ትምህርት ቤት የምትሄደዋ ልጅ በቀላሉ ትገኛለች። እዚህ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ከገጠር መጥታ ሰው ቤት የምትሠራዋ የ13 ዓመት ልጅስ? መምህር የላትም፣ ስልክ የላትም፣ ካርድ የላትም። እናትና አባቷ ሩቅ ናቸው። ከሚኒስቴር የተላከ ጥሪ እሷ ጋ አይደርስም። ልጅቷ በዚያ ዕድሜ ሰው ቤት መሥራት አልነበረባትም፤ እሱ ሌላ ንግግር ይፈልጋል። ለጊዜው ግን አለች፣ የየትኛው ብሎክ የትኛው ቤት እንደሆነች የሚያውቁም አሉ። የብሎኩ ጥበቃ ያውቃል። እድሩ ያውቃል። ከፊት የተቀመጡት ጋሼ ራሳቸውን ሲነቀንቁ አያለሁ።

የግል ክሊኒኮችን በተመለከተ ብዙ አልልም። ብዙ ልጅ እዚያ ይወለዳል፣ ቢሲጂውን እዚያ ይወስዳል። የከተቡትን ዝርዝር በየወሩ ለወረዳው ይስጡ። እዚህ የተወከላችሁ ስላላችሁ ነው።

ስለዚህ ምን ይደረግ? ከላይ አዲስ ሶፍትዌር እስኪመጣ አንጠብቅ። ሲመጣም እሰየው፤ ፋይዳ ቁጥር ከክትባት መዝገብ ጋር ቢገናኝ እኔ የመጀመሪያው ደስተኛ ነኝ። እስከዚያ የላይኛው አካል ከእኛ ጋር ሊያደርግ የሚችለው ነገር የስም ዝርዝር ማውረድ ነው፤ ቀኑን ለእኛ ይተው። እኛም ቀን ስንቆርጥ ብልቃጥ የሚከፈትበትን ቀን አይተን እንቁረጥ። ሲስተር ራሷ ወይም ኤክስቴንሽኗ ትደውል፤ እናቶች የሚያውቁት ድምፅ የእነሱን ነው። የተከተበ ልጅ ስም ደግሞ በመዝገብ ገጽ ተኝቶ የወር መጨረሻ አይጠብቅ።

በእኛና በለገጣፎ መካከል ላለው ነገር የማንንም ፈቃድ አንጠብቅም። የሁለቱ ጤና ጣቢያ የክትባት ክፍል ሰዎች በወር አንዴ ይገናኙ። እናንተ ያልመጡላችሁን ልጆች ካርዶች ይዛችሁ ኑ፣ እኛም የእኛን ይዘን እንመጣለን። ጠረጴዛ ላይ እናስቀምጣቸውና ስም በስም እናስተያይ። እዚህ «አቋረጠ» የተባለው እዚያ ተከትቦ ከሆነ ካርዱ ከሳጥኑ ይውጣ፤ ኤክስቴንሽኗም በከንቱ ፎቅ አትውጣ። የሁለታችንም ዝርዝር ላይ የሌለ ልጅ ከተገኘ ደግሞ ማን ቤቱ እንደሚሄድ እዚያው ይወሰን።

ቀኑን ዛሬ እዚሁ ብንቆርጠው ደስ ይለኛል። የወሩ ሪፖርት በ20 ስለሚዘጋ ከዚያ በፊት ሁላችንም ሩጫ ላይ ነን። እኔ በ22 ከሰዓት በኋላ፣ 8 ሰዓት ላይ ብዬ አስቤ ነበር። በለገጣፎ በኩል በ22 የገበያ ቀን የሚገጥምባችሁ ከሆነ ንገሩን፤ ወደ 23 እናደርገዋለን።